በጎንደር በመንግሥት ሆስፒታል ፋርማሲስት ሆኖ መቀጠር፦ ከፈቃድ ፈተናው እስከ መጋዘን ርክክቡ

በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች አንድ የፋርማሲስት መደብ ክፍት ሆኖ ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ የሚመዘገበው ተመራቂ ብዛት ከመደቡ ጋር አይገናኝም። ጤና ሚኒስቴር ተመራቂዎችን በዕጣ ለየክልሉ የሚደለድልበት ጊዜ አልፏል። ዛሬ እያንዳንዱ ማስታወቂያ አፈላልጎ፣ ተመዝግቦና ተፈትኖ ነው የሚገባው። ይህ ማለት ግን ሆስፒታሎቹ ፋርማሲስት ጠግበዋል ማለት አይደለም። የሌሊት ተረኝነት በአንድ ሰው የሚሸፈንበት፣ መጋዘኑም እደላውም በአንድ ባለሙያ ላይ የወደቀበት ተቋም ሞልቷል። የጠፋው መደብና የደመወዝ በጀት ነው። መደቡ በመዋቅር ካልጸደቀና ደመወዙ በበጀት ካልተያዘ፣ ሆስፒታሉ ሰው ቢቸገርም ቋሚ ቅጥር መፈጸም አይችልም። ስለዚህ ቅጥር የሚንቀሳቀሰው በአመዛኙ ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ከገባ በኋላ ነው፤ ወደ ሰኔ መጨረሻ ሲጠጋ ሆስፒታሉ በቆጠራና በሒሳብ መዝጋት ይጠመዳል።

ለአንድ መደብ የሚሰለፈው ሁሉ ዲግሪ አለው፤ አብዛኛው የሙያ ፈቃድም ይዟል። ተወዳዳሪዎች የሚለያዩት በሁለት ቦታ ነው። አንዱ ሰነድ ነው፤ ብዙ ጎበዝ ተመራቂ ፈተና ሳይደርስ የሚወድቀው እዚያ ነው። ሌላው የሙያው የስሌትና የመዝገብ ክፍል ነው። በአምስቱ የትምህርት ዓመታት የበሽታና የመድኃኒት ዕውቀቱ ሰፊ ጊዜ ወስዶ ይጠናል፣ ደግሞም ይገባዋል። አዲስ ተቀጣሪ ግን በመጀመሪያ የሚመደበው ብዙውን ጊዜ እደላ መስኮት ላይ ወይም መጋዘን ውስጥ ነው። እዚያ የሚጠየቀው ደግሞ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ፣ ለማን ተሰጠ የሚለው ነው።

የትኛው ሆስፒታል በማን በኩል ይቀጥራል

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የዩኒቨርሲቲው አካል ነው። መነሻው በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ነው። ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ተቋም በመሆኑ ቅጥሩ በዩኒቨርሲቲው የሰው ሀብት በኩል፣ በፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ መሠረት ይካሄዳል። የቆላድባ፣ የአይከል፣ የማክሰኝት፣ የሳንጃ፣ የደልጊ፣ የደባርቅና የመተማ ሆስፒታሎች ግን በክልሉ ሥር ናቸው። የእነሱ ማስታወቂያ የሚወጣው በሆስፒታሉ፣ በወረዳው ወይም በዞኑ የሲቪል ሰርቪስና የጤና ጽሕፈት ቤቶች ሰሌዳ ላይ ነው፤ አንዳንዴም በበኩር ጋዜጣ ይታተማል።

ልዩነቱ ለተወዳዳሪው ትርጉም አለው። ጎንደር ከተማ ተቀምጦ ማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ የሚከታተል ሰው የዩኒቨርሲቲውን ማስታወቂያ ያያል፤ የሳንጃው ወይም የደልጊው ግን ተለጥፎ፣ ቀኑ አልቆ፣ ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያ የሚቆየው ለተወሰኑ ተከታታይ የሥራ ቀናት ብቻ ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸውና መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ደግሞ ወሬው የሚደርሰው እዚያው ወረዳ ላይ ላለ ሰው ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ውስጥ የሚሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛ ያለው ሰው፣ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ሲለጠፍ ፎቶ አንስቶ እንዲልክለት አስቀድሞ መነጋገር ይጠቅመዋል።

የሆስፒታሉ ደረጃ ሥራውንም ይለውጠዋል። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግሉ ታስበው የተዋቀሩ ናቸው። በስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ፋርማሲስቱ በተመላላሽ፣ በተኝቶ ሕክምና፣ በድንገተኛ፣ በኤች አይ ቪ መድኃኒት ክፍል፣ በመጋዘን ወይም በክሊኒካል ፋርማሲ ተለይቶ ይመደባል። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ያው አንድ ሰው ሁሉንም ይነካል። ለጀማሪ ባለሙያ የተሻለው መማሪያ ሁለተኛው ነው ብለን እናምናለን። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ስህተት ሲፈጠር አጠገብ ሆኖ የሚያርም አንጋፋ ባለሙያ ላይኖር ይችላል።

ሁለት ፈተና፣ አንድ ፈቃድ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። ማለፊያው 50 ከመቶ ሲሆን ፈተናውን የሚመራው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። የሙያ ብቃት ምዘናው ግን ሌላ ነው፤ እሱን የሚያካሂደው ጤና ሚኒስቴር ነው። የመጀመሪያው ዲግሪውን ያስገኛል፣ ሁለተኛው የሙያ ፈቃድ ለማውጣት ያበቃል። አንዱን ማለፍ ሌላውን አይተካም። የመውጫ ፈተና ውጤቱን ይዞ «ብቃቴ ተረጋግጧል» ብሎ ለምዝገባ የሚሄድ ሰው የሙያ ፈቃዱን ሲጠየቅ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የብቃት ምዘናውን ያለፈ ተመራቂ በክልሉ የጤና ተቆጣጣሪ አካል ተመዝግቦ ፈቃዱን ያወጣል። ከዚያ ወዲያ ፈቃዱ በየጊዜው ይታደሳል፤ ለእድሳቱም የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ነጥብ ይጠየቃል። ሥራ ሲፈልግ ዓመት ሁለት ዓመት ያለፈው ተመራቂ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ፈቃዱ ጊዜው ማለፉን የሚያውቀው የምዝገባው ዕለት ነው፤ እድሳቱ ደግሞ በሁለትና በሦስት ቀን አያልቅም።

ከዚህ የከፋ ሌላ ወጥመድ አለ። የግል ፋርማሲ ወይም መድኃኒት መደብር ለመክፈት የባለሙያ ፈቃድ በኃላፊነት መመዝገብ ስላለበት፣ አንዳንድ ነጋዴ ለተመራቂው በየወሩ ጥቂት ብር እየሰጠ ፈቃዱን ብቻ ይሰቅላል። ባለሙያው ሱቁ ውስጥ የለም፤ መድኃኒቱን የሚሸጠው ሌላ ሰው ነው። ይህ ሕገወጥ ከመሆኑም በላይ ሰው ላይ ጉዳት ሲደርስ ተጠያቂው ፈቃዱ ላይ ስሙ ያለው ነው። ለቅጥርም እንቅፋት ይሆናል። ፈቃዱ በአንድ ድርጅት ስም ተይዞ እያለ በመንግሥት ሆስፒታል ቋሚ ሠራተኛ መሆን አይቻልም፤ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መልቀቂያ ማምጣት ግዴታ ነው። ነጋዴው ምትክ ባለሙያ እስኪያገኝ «ትንሽ ታገሥ» ሲል የቅጥሩ ቀን ያልፋል። በግል ፋርማሲ መሥራት ጥሩ ልምድ ነው፤ በአካል ተገኝቶ መሥራት እንጂ ፈቃድ ማከራየት ግን ልምድ አይደለም።

ከግል ኮሌጅ የተመረቀ ሰው ኮሌጁ እውቅና ያገኘው ለፋርማሲ ፕሮግራሙ እና ለተማረበት ካምፓስ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። የአንድ ኮሌጅ ስም እውቅና አለው ማለት ቅርንጫፉ ሁሉ አለው ማለት አይደለም። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የማጣራቱ ሥራ ከተጠናከረ ወዲህ፣ ማስረጃው የተቀጠረበት ቦታ ድረስ ተከትሎ ይጣራል።

ሰነዱ

ማስታወቂያው «የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ» ሲል ሁለቱን ማለቱ ነው። ዋናው ዩኒቨርሲቲ ቀረ፣ በፖስታ ላይ ነው፣ ወንድሜ ጋ ነው የሚል ማብራሪያ መዝጋቢውን አያሳምነውም፤ ቢያሳምነውም ያለ ዋናው የመዘገበ ሠራተኛ ራሱ ይጠየቅበታል።

ብዙ ሰው የሚጥለው ችግር ስም ነው። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃ «ኃይለማርያም» ተያይዞ፣ በዲግሪው «ኃይለ ማርያም» ተለያይቶ፣ በፋይዳ መታወቂያው ደግሞ በላቲን ፊደል በሌላ አጻጻፍ ይገኛል። ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ሲሆን እንደ ሁኔታው በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ደብዳቤ ይፈታል። የአያት ስም ከተለወጠ ግን ፍርድ ቤት ነው የሚኬደው። ሁለቱም ጊዜ ይወስዳሉ። ስለዚህ ሰነዱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ስሙን ፊደል በፊደል ማመሳከር ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። የፋይዳው ምዝገባ ላይ የተሳሳተውንም በዚያው ጊዜ ማስተካከል ይገባል፤ የሙያ ፈቃዱ ላይ የሚሰፍረው ስም ከዲግሪው ጋር ካልገጠመ ችግሩ ወደፊትም ይከተላል።

ወጪ መጋራት ሌላው ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ውል ፈርሟል። ተቀጥሮ ሲሠራ ከወር ደመወዙ 10 ከመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል፣ ወይም እንደ ውሉ በአገልግሎት ይሸፈናል። ለዚህ ዕዳ የሚሰጠው ደብዳቤ ከማስረጃው ጋር እንዲያያዝ የሚጠይቅ ተቋም ብዙ ነው። ከሌላ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመጣ ተወዳዳሪ ደግሞ መልቀቂያና ክሊራንስ ያስፈልገዋል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ሦስት ነገር ይታያል። ልምዱ ከምረቃ በኋላ የተገኘና በቀጥታ አግባብነት ያለው መሆኑ አንዱ ነው። ከየት ቀን እስከ የት ቀን፣ በምን የሥራ መደብ እንደተሠራ በግልጽ መጻፉ ሁለተኛው ነው። ከግል ድርጅት የመጣ ከሆነ ደግሞ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ መገለጽ አለበት። በግል ፋርማሲ ሦስት ዓመት በሐቅ የሠራ ባለሙያ፣ አሠሪው ግብር ስላልከፈለለት ብቻ «ዜሮ ዓመት» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ በደል ነው፤ አሠሪው ያጠፋውን ሠራተኛው ይከፍላል። ደንቡ እስካልተለወጠ ግን መፍትሔው ቀድሞ ነው፦ ሲቀጠሩ በጽሑፍ ውል መቀጠርና የግብሩን ደረሰኝ ቅጂ በየጊዜው መያዝ።

ፈተናውን ያለፈ ሰው የጤና ምርመራ ማስረጃና የፖሊስ አሻራ ያቀርባል። በፌዴራሉ ሕግ ለቅጥር የሚደረገው የጤና ምርመራ የኤች አይ ቪ ምርመራን አይጨምርም፤ የሚጠይቅ ቢኖር መብት እንደሌለው መናገር ይቻላል።

ፈተናው ላይ የሚለየው ስሌት ነው

የጽሑፍ ፈተና፣ የተግባር ፈተናና ቃለ መጠይቅ ድርሻቸው ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል። የጽሑፍ ጥያቄ ከትምህርት የተገኘ ስለሆነ ሁሉም ተቀራርቦ ይመልሳል። የሚለያየው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ነው።

የሆስፒታሉ መጋዘን በየሁለት ወሩ የሪፖርትና የመጠየቂያ ቅጽ፣ ባለሙያው አር አር ኤፍ የሚለውን፣ ሞልቶ ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይልካል፤ አገልግሎቱ ጎንደር ላይ ቅርንጫፍ አለው። የአሞክሲሲሊን 500 ሚሊ ግራም መነሻ ክምችት 400 ፓኬት ነበር እንበል። በሁለቱ ወራት 600 ገባ፣ 20 ጊዜው አልፎበት ተለየ፣ በመጨረሻ የተቆጠረው 180 ነው። ፍጆታው 400 ሲደመር 600፣ ሲቀነስ 20፣ ሲቀነስ 180፣ ማለትም 800 ነው። ጤና ተቋም የሚይዘው ከፍተኛ ክምችት የአራት ወር በመሆኑ የሁለት ወሩን ፍጆታ በ2 አባዝተን 1,600 እናገኛለን። በእጅ ያለው 180 ሲቀነስ የሚጠየቀው 1,420 ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ይደርሳል። አሁን ግን መድኃኒቱ ከ60ው ቀን ለ20 ቀን ጠፍቶ ነበር ይባላል። 800ው የተበላው በ60 ቀን ሳይሆን በ40 ቀን ነው። ስለዚህ እውነተኛው ፍጆታ 800 ለ40 ተካፍሎ በ60 ሲባዛ 1,200፣ ከፍተኛው ክምችት 2,400፣ የሚጠየቀው 2,220 ነው። የጠፋበትን ቀን ሳያሰላ 1,420 የጠየቀ ባለሙያ ለአራት ወር ያሰበው ክምችት በወር 600 እየወጣ ሦስት ወር ሳይሞላ ያልቅበታል። በሚቀጥለው ሪፖርት መድኃኒቱ እንደገና ጠፍቶ ስለነበር ፍጆታው እንደገና አንሶ ይታያል። በብዙ ሆስፒታል አንድ መድኃኒት ዓመት ሙሉ እየተቆራረጠ የሚኖረው በዚህ ዙር ነው። «አቅራቢው አልሰጠንም» የሚለው ምክንያት እውነት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የጠየቅነውም አንሶ እንደነበር የሚነግረን ግን ቢን ካርዱ (የእያንዳንዱ መድኃኒት ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) ላይ ያለው፣ ክምችቱ ዜሮ የሆነበት ቀን ነው። ያ ቀን ካልተጻፈ ስሌቱ አይሠራም።

ቀመሩ ወደ ኋላ ነው የሚያየው። በጣና ዳርቻ ደንቢያ ላይ ወይም በመተማ ቆላ የሚሠራ ፋርማሲስት የክረምቱን ዝቅተኛ የወባ መድኃኒት ፍጆታ ይዞ ቢጠይቅ፣ ወባው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሲበረታ ባዶ መደርደሪያ ይገጥመዋል። የወቅቱን ጭማሪ ያለፈውን ዓመት የመስከረምና የጥቅምት ካርድ አይቶ ማስላትና በቅጹ ላይ ምክንያቱን መጻፍ አለበት። ፈታኝ ይህን ቢጠይቅ መልካም ነው፤ አካባቢውን የሚያውቅ ባለሙያ በዚህ ይለያል።

ሁለተኛው ዓይነት ጥያቄ የመጠን ስሌት ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በከባድ ወባ ገብቷል፣ አርቴሱኔት በደም ሥር ይሰጠው ተብሏል። ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን መጠኑ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ20 ኪሎና ከዚያ በላይ 2.4 ነው። የዚህ ልጅ መጠን 45 ሚሊ ግራም ይሆናል። ባለ 60 ሚሊ ግራሙ ቫያል (የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ) በመጀመሪያ በ1 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ባይካርቦኔት ይሟሟል፣ ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሲጨመርበት በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይወጣዋል። የሚሰጠው 4.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ በ0፣ በ12 እና በ24ኛው ሰዓት፣ ከዚያ በቀን አንድ ጊዜ። በጡንቻ የሚሰጥ ሲሆን የሚጨመረው ፈሳሽ 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ ውህዱ በሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ይሆናል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ለልጁ ግማሹን ወይም እጥፉን ይሰጠዋል። 2.4ን ለሁሉም የሚጠቀም ደግሞ ሕፃናትን በ20 ከመቶ ያሳንስባቸዋል፤ ስህተቱ ዓይን ላይ አይታይም፣ ልጁ ግን ከሚገባው በታች ያገኛል።

ጎንደር ላይ በተለይ መታወቅ ያለበት ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው የሌሽማኒያሲስ ዓይነት፣ ነው። ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ወርደው የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች በሽታውን ይዘው ይመጣሉ፤ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም የሌሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው። ለረጅም ጊዜ ዋነኛው ሕክምና ሆኖ የቆየው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን አንድ ላይ ለ17 ቀን ነው። ኤች አይ ቪም ላለበት ታካሚ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር አምቢዞም (በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት) በኪሎ 5 ሚሊ ግራም በ1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ፣ 9ኛና 11ኛ ቀን፣ ከሚልቴፎሲን ጋር ለ28 ቀን ይላል። ይህን መጋዘን ያለ ፋርማሲስት ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ቀን 250 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 50 ሚሊ ግራም 5 ቫያል፣ በጠቅላላው 30 ቫያል ይፈልጋል። በቀን 100 ሚሊ ግራም ከሆነ የሚልቴፎሲኑ 56 ባለ 50 ሚሊ ግራም ካፕሱል ነው። ሙሉው ብዛት በእጅ ሳይኖር ሕክምናውን ማስጀመር በመካከል ማቋረጥን ያስከትላል።

የአምቢዞም አዘገጃጀት ላይ የሚፈጠረው ስህተት ደግሞ የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ቫያል በ12 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የመርፌ ውኃ ይሟሟል፣ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ በኃይል ይናጣል፣ ከዚያ በማጣሪያ አልፎ በ5 ከመቶ ዴክስትሮስ ይቀጠናል። ሳላይን (የጨው ፈሳሽ) ፈጽሞ አይገባበትም። ሳላይን ሲነካው ይረጋል፣ ውድ መድኃኒት ይባክናል። ቀድሞ ሳላይን የወረደበት መስመር እንኳ በዴክስትሮስ መታጠብ አለበት። የዋርድ ነርስ እጅ ላይ ቅርብ ያለው ብዙውን ጊዜ ሳላይን በመሆኑ ዴክስትሮሱን ከቫያሉ ጋር አብሮ መላክ የፋርማሲስቱ ሥራ ነው። ሚልቴፎሲን በፅንስ ላይ ጉዳት ስለሚያደርስ በመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች የእርግዝና ምርመራና የወሊድ መቆጣጠሪያ ጉዳይ ሳይነሳ አይታደልም።

እደላ መስኮቱ ላይ

በአማራ ክልል ሆስፒታል የሚገባ ሁሉ ኤፒቲኤስ የሚባለውን፣ የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎትን ለኦዲት ክፍት የሚያደርገውን አሠራር ማወቅ አለበት። ሥርዓቱ የተጀመረው በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው፤ ክልሉም ደንብ አውጥቶ ደግፎት ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፍቷል። ማዘዣው አራት እጅ ያልፋል። ገምጋሚው ፋርማሲስት መጠኑን፣ የመድኃኒቶቹን አብሮ መሄድና መድኃኒቱ በእጅ መኖሩን ያያል። ቀጥሎ ዋጋው ይሰላል፣ ገንዘብ ተቀባዩ ይቀበላል፣ በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ ለታካሚው አስረድቶ ይሰጠዋል። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። ግምገማው ከክፍያ በኋላ ከመጣ የተሳሳተ ማዘዣ ሲገኝ ደረሰኝ መሰረዝና ገንዘብ መመለስ ይመጣል፤ ተራው ረዝሞ ሰዉ ሲጮኽ ደግሞ ባለሙያው ስህተቱን አይቶ እንዳላየ ለማለፍ ይፈተናል።

ሽያጩ በጥሬ ገንዘብ፣ በዱቤ ወይም በነጻ ተለይቶ ይመዘገባል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል በዱቤው በኩል ነው የሚስተናገደው። የአባልነት ቁጥሩ ሳይጻፍ የተሰጠ መድኃኒት ሆስፒታሉ ገንዘቡን መጠየቅ የማይችልበት ይሆናል፤ ለተዘዋዋሪ ገንዘቡ፣ ከሽያጭ ተመልሶ መድኃኒት ለሚገዛበት ገንዘብ፣ ያ ኪሳራ ነው፣ በሚቀጥለው ግዢ ላይ መድኃኒት ሆኖ ይጎድላል።

ማስረዳቱም በወረቀት የሚያልፍ አይደለም። ለወባ ኮአርተም የታዘዘለት አዋቂ በሦስት ቀን 24 ፍሬ ይወስዳል፤ ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፣ ከዚያ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጠዋትና ማታ። መድኃኒቱ ከቅባት ጋር ሲወሰድ ነው በደንብ ወደ ሰውነት የሚገባው። በጎንደር ብዙው ሰው ጾመኛ ነው፤ «ከወተት ጋር ውሰድ» የተባለ ገበሬ በዐቢይ ጾም ወይም ባዶ ሆዱን ይወስደዋል፣ ወይም ጨርሶ ይተወዋል። ኑግ ወይም ዘይት ያለበት የጾም ወጥ እንደሚበቃው መንገር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመውን ደግሞ ሰዓቱን አብሮ ማስላት፣ አስፈላጊ ሲሆንም ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲነጋገር መምከር ያስፈልጋል። ይህን በአክብሮት የሚጠይቅ ፋርማሲስት የሚያገኘውን መልስ ሌላው አያገኘውም። በቃለ መጠይቅ ላይም «ታካሚው እየጾመ ከሆነስ?» ለሚለው ጥያቄ የተዘጋጀ ሰው ጥቂት ነው።

የመጋዘን ቁልፍ

ብዙ ማስታወቂያ ለመጋዘን ሥራ «በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል» ይላል። ተያዥ የሚጠየቅበት ምክንያት ግልጽ የሚሆነው ጉድለት ሲመጣ ነው። በዓመቱ መጨረሻ፣ ሰኔ 30፣ ንብረት ይቆጠራል። ከመዝገቡ ያነሰው በመጋዘን ኃላፊው ስም ይያዛል።

አብዛኛው ጉድለት ሌብነት አይደለም። ከመለኪያ መምታታት የሚመጣው ብዙ ነው። በሞዴል 19፣ በገቢ ደረሰኙ፣ ላይ 50 ፓኬት ገባ ተብሎ ተጽፏል፤ እያንዳንዱ ፓኬት 10 ስትሪፕ፣ እያንዳንዱ ስትሪፕ 10 ፍሬ ይዟል። መጋዘኑ በፓኬት ይቆጥራል፣ እደላው በስትሪፕ ይጠይቃል። በሞዴል 22፣ በወጪ ደረሰኙ፣ ላይ «20» ተብሎ መለኪያው ሳይጻፍ የወጣ ነገር 2 ፓኬት ነው ወይስ 20 ፓኬት? በዓመቱ መጨረሻ ማንም አያስታውሰውም። በቢን ካርዱ አናት ላይ መለኪያው አንድ ጊዜ በግልጽ ተጽፎ በዚያው መጽናት አለበት። ዳጉ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት በሚጠቀሙ ሆስፒታሎችም ችግሩ አይቀርም፤ ሥርዓቱ የሚያውቀው የገባለትን ነው።

ሁለተኛው ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ነው። ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ ይውጣ የሚለው መመሪያ ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚፈርሰው አዲሱ ካርቶን ፊት ለፊት ሲደረደርና አሮጌው ከኋላ ሲቀር ነው። ያለፈበት መድኃኒት ተለይቶ፣ በመዝገብ ተይዞ፣ በኮሚቴ ታይቶ ነው የሚወገደው። ተለይቶ ሳይመዘገብ መደርደሪያ ላይ ከቆየ በቆጠራ ጊዜ እንደ ጤነኛ ክምችት ይቆጠራል፤ አር አር ኤፉም በእጅ አለ ብሎ ትዕዛዙን ይቀንሳል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቀመጡት፣ ኦክሲቶሲንና ኢንሱሊንን የመሰሉት፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ የተለየ ክትትል ይሻሉ፤ ኢንሱሊን በረዶ ከሠራ ደግሞ ጨርሶ መጣል አለበት።

የናርኮቲክ መድኃኒቶች በተለየ ማዘዣ የሚወጡና በተቆለፈ ቦታ የሚቀመጡ ናቸው። ተረኛ ሲቀያየር ተቆጥረው በፊርማ ይተላለፋሉ። የሌሊት ድካም እዚህ ላይ ምክንያት አይሆንም።

አዲስ ተቀጣሪ መጋዘን ሲሰጠው ቁልፉን ብቻ እንዲወስድ ይገፋፋል። ያለፈው ኃላፊ ተዛውሯል፣ ሥራ ቆሟል፣ ዋርዱ እየጮኸ ነው፣ «ቆጠራው በኋላ ይደርሳል» ይባላል። በዚያ ቀን የፈረመ ሰው ከእሱ በፊት የነበረውን ጉድለት ሁሉ ተረክቧል። ርክክብ በኮሚቴ፣ በፍሬ ቆጠራ፣ የእያንዳንዱ መድኃኒት ባች ቁጥርና የማብቂያ ጊዜ ተጽፎ፣ ልዩነቱ ተመዝግቦ ይፈጸማል። እስኪያልቅ ድረስ አስቸኳይ መድኃኒት በኮሚቴው ፊት ለብቻው ተመዝግቦ ሊወጣ ይችላል። ይህን መጠየቅ የአዲስ ሠራተኛ መብት ነው፤ በሙከራ ጊዜው ላይ ስለሆነ ብቻ የሚያፍር ብዙ ነው።

ሆስፒታሎቹም የድርሻቸው አለባቸው። ማስታወቂያው «ፋርማሲስት፣ ብዛት 1፣ የሥራ ልምድ 0 ዓመት» ብሎ ሲያበቃ ተወዳዳሪው ለመጋዘን ይሁን ለተኝቶ ሕክምና ክፍል አያውቅም፤ ፈተናውም ከትምህርት መጽሐፍ ይወጣል። መደቡ የት ክፍል እንደሆነ፣ ተያዥ ያስፈልግ እንደሆነ፣ የሌሊት ተረኝነት እንዳለበት ማስታወቂያው ላይ ሁለት መስመር መጨመር ገንዘብ አይጠይቅም። ከጽሑፍ ፈተናው ጋር አንድ ባዶ ቢን ካርድ፣ አንድ አር አር ኤፍና ሆን ተብሎ የተሳሳተ ማዘዣ ለተወዳዳሪው ሰጥቶ ለግማሽ ሰዓት ማሠራትም እንዲሁ። የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴው ባለፈው ዓመት ያያቸውን ስህተቶች ስም ሳይጠቅስ ወደ ጥያቄ ቢለውጣቸው፣ ሆስፒታሉ የሚያገኘው ሰው እነዚያን ስህተቶች አስቀድሞ የሚያያቸውን ነው።